ሰባቱን ቀለማት ለማየት፦ የቪኒኩንካ ተራራ አወጣጥ

ቪኒኩንካን ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ ከመንገድ ተመለስኩ፤ ሁለተኛ ጫፉ ላይ ቆምኩ። በሁለቱ መካከል ያለው አምስት ቀን ብቻ ነው። ጫማዬ ያው ነበር፣ ዳገቱም ያው። የተለወጠው ሰውነቴ ከአየሩ ጋር የነበረው ትውውቅ ነው። ይህን የምጽፈው እርስዎ እነዚያን አምስት ቀናት ከቤትዎ ሳይነሱ እንዲያቅዷቸው ነው።

ቪኒኩንካ በፔሩ፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ ይገኛል። ከ400,000 በላይ ሕዝብ ካላት ከኩስኮ ከተማ ተነስተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና ይጓዛሉ። በስፓኒሽ «የሰባት ቀለም ተራራ» ይሉታል። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 5,036 ሜትር ነው። ማስታወቂያዎች 5,200 እያሉ ሲጽፉ ሊያዩ ይችላሉ፤ 5,036 ራሱ ከበቂ በላይ ነው። ለእኛ ሰው በቀላሉ እንዲገባ ልንገርዎ፦ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ወደ ቪኒኩንካ የሚወስድዎት መኪና የሚያወርድዎት ደግሞ 4,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአገራችን ከፍታ ካለቀበት በላይ ነው የእግር ጉዞው የሚጀመረው።

«ደጋ ተወልጄ»

እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ቨርጂኒያ የምኖር ሰው ነኝ። ኩስኮ በገባሁ በማግስቱ ወደ ተራራው የሄድኩት «ብርድና ከፍታ ለእኔ ምን አዲስ ነው» ብዬ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ብዙ ያገሬ ልጆች ላይ ስለማየው እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አየሩ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ኩስኮ 3,400 ሜትር ላይ ስለሆነች ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። ቪኒኩንካ ጫፍ ላይ ግማሽ ያህል ብቻ ይቀራል። ሰውነት ለዚህ መላ አለው፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብም ቶሎ ቶሎ ይመታል። ቀጥሎ ኩላሊት የደሙን ሚዛን ያስተካክላል፤ ይህ ቀናት ይወስዳል። ቀይ የደም ሕዋስ የሚጨምረው ደግሞ በሳምንታት ነው። ወደ ቆላ ሲወርዱ ይህ ሁሉ ተመልሶ ይፈርሳል፤ ለዚያውም በሳምንታት ውስጥ።

የእኛን ደገኞች ነገር ተመራማሪዎች አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ ተገኝቷል። የአንዲስ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። አንድ ዓይነት ዳገት፣ ሁለት ዓይነት መፍትሔ። ይህን ሳነብ ኮርቻለሁ። ነገር ግን የተጠኑት እዚያው ደጋው ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ቨርጂኒያ ሜዳ ላይ 14 ዓመት የተቀመጥኩት እኔ አይደለሁም። እርስዎም ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን የሚኖሩ ከሆነ ራስዎን እንደ ቆለኛ ይቁጠሩ። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ በቀጥታ የሚመጡ ከሆነ የተሻለ መነሻ አለዎት፤ ሆኖም ከአዲስ አበባ እስከ ቪኒኩንካ ጫፍ ገና 2,600 ሜትር ይቀራል።

ወሩን መምረጥ

ፔሩ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው፤ ዝናብ የሌለበት፣ ግን ብርዱ የጠነከረ። ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ለጉዞ ይመቻል። ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ዝናብ ነው፤ በተለይ ጥርና የካቲት ላይ መንገዱ ጭቃ፣ ጫፉም ጉም ይሆናል። በረዶ ከጣለ ደግሞ ቀለሙ ሁሉ ነጭ ልብስ ለብሶ ይጠብቅዎታል። በጋውም ቢሆን አንዳንድ ቀን በረዶ አያጣም፤ ስለዚህ ከተቻለ አንድ መለዋወጫ ቀን ይያዙ።

ኦርቶዶክስ ከሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ስለሚገባ ከዚህ ጥሩ ወቅት ጋር ይገጥማል። የጾም ምግብ ችግር አይሆንም፤ ድንች፣ በቆሎ፣ ባቄላና ኪንዋ የሚባለው ጥራጥሬ የአገሩ ምግብ ነው። እህል ውኃ ሳይቀምሱ 5,000 ሜትር መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ወይ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ ወይ ጉዞውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ያድርጉት።

አምስቱ ቀናት

ከሊማ ወደ ኩስኮ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ተነስተው ቡና በሚጠጡበት ፍጥነት 3,400 ሜትር ላይ ያርፋሉ። ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ሲጎትቱ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያያሉ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ኩስኮ አይደሩ። ከአውሮፕላን እንደወረዱ መኪና ይዘው ወደ ሸለቆው ይውረዱ። «ቅዱስ ሸለቆ» የሚሉት የኡሩባምባ ወንዝ ሸለቆ ከኩስኮ ዝቅ ይላል፤ ኡሩባምባ ከተማ 2,870 ሜትር፣ ኦያንታይታምቦ 2,790 ሜትር ገደማ ናቸው። ይህ የደብረ ብርሃን ከፍታ ነው፤ እንቅልፍ ይወስድዎታል። እኔ በሁለተኛው ዙር ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ተራራው ላይ በታመምኩ ማግስት ወደ ኦያንታይታምቦ ወርጄ ራስ ምታቱ ማታውን ለቀቀኝ።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን እዚያው ያሳልፉ። ማቹ ፒቹን ማየት የሚፈልጉ ከሆነ ጊዜው ይህ ነው፤ 2,430 ሜትር ላይ ስለሆነ ለሰውነትዎ እረፍት ነው። ባቡሩም ከኦያንታይታምቦ ይነሳል። ብዙ ሰው ተራራውን አስቀድሞ ማቹ ፒቹን ወደ መጨረሻ ያደርገዋል፤ ይህ የተገለበጠ አካሄድ ነው።

አራተኛውና አምስተኛው ቀን ኩስኮ ይሁን። ከከተማዋ አናት ላይ ሳክሳይዋማን የተባለው የኢንካዎች ግዙፍ የድንጋይ ግንብ አለ፣ 3,700 ሜትር ገደማ። በእግርዎ ይውጡበት። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃና ያለ ስሚንቶ አንዱ በአንዱ ላይ ተገጥመዋል፤ በመካከላቸው ወረቀት አይገባም። እዚያ ቆመው ይህን ሲያዩ ትንፋሽዎን ያዳምጡ። ደረጃውን ወጥተው ሁለት ደቂቃ ውስጥ ልብዎ ከተረጋጋ ጥሩ ነው። ወደ ላይ ወጥቶ ዝቅ ብሎ ማደር ሰውነትን ያለማምዳል።

በእነዚህ ቀናት ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፣ አልኮል ይተዉ፣ ማታ ቀለል ያለ እራት ይብሉ። ከፍታ ላይ ሆድ ቀስ ይላል፤ ከባድ እራት የበላ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። የእንቅልፍ ኪኒን አይውሰዱ፤ ትንፋሽን ያደክማል።

ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ራስዎን ይጠይቁ። ራስ ምታት አለብኝ? ምግብ አስጠላኝ? ያቅለሸልሸኛል? ያዞረኛል? ራስ ምታት ካለና ከሌሎቹ አንዱ ከተጨመረበት የከፍታ ሕመም ነው፤ አገሬው «ሶሮቼ» ይለዋል። በዚያ ሁኔታ አይሂዱ። የተከፈለው ገንዘብ ቢቀር ይቅር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መድኃኒትና ቅጠል

አሴታዞላማይድ የሚባል ኪኒን አለ፤ ብዙዎች ዳያሞክስ በሚለው የንግድ ስሙ ያውቁታል። ሰውነት ከከፍታ ጋር የሚለማመድበትን ጊዜ ያሳጥራል። ሐኪሞች በአብዛኛው 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ያዛሉ። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ይነዝራል፤ ይህ የተለመደ ነው። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማዎት ከሆነ፣ የኩላሊት ችግር ካለብዎት፣ ወይም እርጉዝ ከሆኑ ሐኪምዎን ሳያማክሩ እንዳይወስዱት። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ስለ ጉዞው ራሱ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት።

አሁን ስለ ኮካ። ሆቴል ሲገቡ አንድ ስኒ ትኩስ ሻይ ይሰጥዎታል፤ ውስጡ የሚንሳፈፉት ቅጠሎች የኮካ ናቸው። በፔሩ ሕጋዊ ነው፤ የአንዲስ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲያኝከው፣ ለተራሮቹም መባ አድርጎ ሲያቀርበው የኖረ የተከበረ ቅጠል ነው። እንደ እኛ ቡና የእንግዳ መቀበያ ነው፣ ስለዚህ እምቢ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ኮኬይን የሚሠራው ከዚሁ ቅጠል ነው። አንድ ስኒ የጠጣ ሰው አይሰክርም፤ ሽንቱ ግን ከዚያ በኋላ ለቀናት የኮኬይን ምርመራ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዱ፣ ወይም ሥራዎ ድንገተኛ የዕፅ ምርመራ ያለበት ከሆነ አንድ ጉንጭ እንኳ አይቅመሱ። «ሻይ ነው የጠጣሁት» የሚለው ምክንያት መንጃ ፈቃድ አያስመልስም። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመለሱ ሰዎች ከዚህም በላይ ይጠንቀቁ። በምትኩ «ሙኛ» እንዲያፈሉልዎ ይጠይቁ፤ ናና የሚመስል የተራራ ቅጠል ነው፣ ሆድን ያረጋጋል፣ አያስጠይቅም።

ከማን ጋር እንደሚሄዱ

ኩስኮ አደባባይ ዙሪያ ተራራውን የሚሸጥ ድርጅት ከዳር እስከ ዳር ነው። ዋጋቸው ይለያያል፣ መኪናው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አምስት ነገር ይጠይቁ፦ መኪናው ውስጥ የኦክስጅን ጠርሙስ አለ ወይ? ቡድኑ ስንት ሰው ነው? የመግቢያው ክፍያ ታስቧል ወይ? ጫፉ ላይ ስንት ሰዓት እንደርሳለን? አምስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ እኔ ከመንገድ ብመለስ ማን ከእኔ ጋር ይመለሳል?

ይህን አምስተኛውን ያወቅሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ አስጎብኚው ከፈጣኖቹ ጋር ቀድሞ ሄደ። እኔ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ ዓይኔ ብዥ አለብኝ፤ ተቀመጥኩ፣ ተነስቼም አስመለሰኝ። ከኋላ የቀረ የድርጅቱ ሰው አልነበረም። ብቻዬን ድንጋይ እየቆጠርኩ ወረድኩ። ሾፌሩ መኪናውን ቆልፎ ቁርስ ሊበላ ሄዶ ነበርና በብርድ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁት። ለሁለተኛው ጉዞ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ የሚያስሄድ ድርጅት ፈልጌ አገኘሁ። ጥቂት ብር ይበልጣል።

ቦርሳው

ሦስት ድርብ ልብስ ይልበሱ፦ ላብ የሚያደርቅ ከሥር፣ የሚያሞቅ ከመካከል፣ ነፋስና ዝናብ የሚከለክል ከላይ። ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽር፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና የከንፈር ቅባት። ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይቃጠልም የሚል ሰው እዚያ አፍንጫው ሲላጥ ያየዋል። ሁለት ሊትር ውኃ። ሶልያቸው የሚይዝ፣ ከዚህ በፊት የተረገጡ ጫማዎች። አንድ ምርኩዝ፤ በሽያጭ ወይም በኪራይ እዚያው ይገኛል። ለመጸዳጃ ቤት፣ ለፈረስ ኪራይና ለመግቢያ የሚሆን ዝርዝር የፔሩ ገንዘብ (ሶል)፤ ተራራው ላይ ካርድ የሚቀበል የለም።

ስንቁን በተመለከተ የእናቶቻችንን ጥበብ የሚያህል አላገኘሁም። ከፍታ ላይ ቅባትና ሥጋ ይከብዳል፤ እህል ይቀላል። ቆሎ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አይቀዘቅዝም፣ አይፈስም፣ ባፍ ሲያላምጡት ጊዜ ይወስዳል። ትንሽ በሶ በላስቲክ ይዤ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ ጠጥቻለሁ፤ ሌላ ምግብ ሁሉ ባስጠላኝ ሰዓት እሱ ወረደልኝ። ከውጭ ምግብ ሲያስገቡ በጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታ ስለሆነ የታሸገና የተቆላ ብቻ ይያዙ፣ ቅጹም ላይ ይሙሉት።

የጉዞው ቀን

መኪናው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በራፍዎ ላይ ይመጣል፤ እነሱ በሚቆጥሩት 4 ሰዓት ማለት ነው። ጋቢ ካለዎት መኪና ውስጥ ይልበሱት፤ እኔ እስከ ንጋት ተጠቅልዬበት ተኝቻለሁ። ለመራመድ ግን አይሆንም፣ ሲመለሱ እንዲያገኙት መኪናው ውስጥ ይተዉት።

ኩሲፓታ የምትባል ትንሽ ከተማ ሲደርሱ ቁርስ አለ። ግማሽ ሆድ ይብሉ፦ ዳቦ፣ ሾርባ፣ ሻይ። ከዚያ በኋላ መኪናው አስፋልቱን ትቶ በጥምዝምዝ መንገድ ከሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። በቀኝም በግራም የድንች እርሻ፣ ከዚያ ሣር ብቻ፣ ከዚያ አልፓካ የሚባሉት ጠጉራም እንስሳት። ጆሮዎ ይደፈናል፤ ምራቅ ይዋጡ።

ከመኪና ሲወርዱ አይቸኩሉ። አሥር ደቂቃ ይቁሙ። ጫማዎን እንኳ ጎንበስ ብለው ከማሰር ቁጭ ብለው ይሰሩ፤ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት ራስን ያዞራል። እስከ ጫፉ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በባሕር ወለል አንድ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ እዚህ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ሁለት ተኩል ቢወስድም ምንም አይደለም። ከጎንዎ የሚያልፉትን ወጣቶች ለቀቅ ያድርጓቸው፤ ግማሾቹን ከፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያገኟቸዋል።

አረማመዱ እንዲህ ነው። አንድ እግር ወደፊት ሲያደርጉ አየር ይሳቡ፣ ሁለተኛውን ሲያደርጉ ያስወጡ። እርምጃው ጫማዎን በጫማዎ ልክ የሚያስቀድም ያህል ይጠር። በአፍንጫዎ መሳብ ከቻሉ ፍጥነትዎ ልክ ነው፤ አፍዎን ከፍተው ማለክለክ ከጀመሩ ፈጥነዋል። ማውራት ያቁሙ። መቶ እርምጃ ቆጥረው ቆም ይበሉ፣ በምርኩዙ ይደገፉ፣ አሥር ትንፋሽ ይውሰዱ፣ እንደገና መቶ። መጨረሻው አካባቢ መቶው ሠላሳ ይሆናል፣ ከዚያም ሃያ። በቆሙ ቁጥር አይቀመጡ፤ ተቀምጦ መነሳት ከመራመድ የበለጠ ጉልበት ይበላል።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ፈረስ የምታከራይ ሴት ናት። ከእግሯ በላይ ደረብረብ ያለ የሱፍ ቀሚስ፣ ዳር ዳሩ የተጠለፈ ጠፍጣፋ ባርኔጣ ለብሳለች። እግሯ ላይ ከመኪና ጎማ የተሠራ ክፍት ጫማ፣ የእኛ በረባሶ ቁርጥ። በዚያ ውርጭ ካልሲ የላትም። ቋንቋዋ ኬችዋ ነው፣ እኔ አልችልም፤ ስፓኒሽም ሁለታችንም ጥቂት ነበር። ስቸኩል አይታ መዳፏን ወደ መሬት ገልብጣ ሁለት ጊዜ ዝቅ አደረገችው። «ቀስ» የሚለው ምልክት በሁሉም አገር አንድ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። ከዚያ በእኔ ፍጥነት ፈረሷን እየሳበች ከጎኔ ሄደች። ፈረሱ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ቦርሳዬን ግን ጭናልኛለች፣ የፈረሱንም ሙሉ ዋጋ ከፈልኳት። እርስዎም ጉልበትዎ ከደከመ ፈረሱን በግማሽ መንገድ መከራየት ይችላሉ። የመጨረሻው ዳገት ላይ ግን ፈረስ አይወጣም፤ እሱ የእርስዎ ነው።

የመጨረሻው ዳገት

ከመጨረሻው ዳገት ሥር ሲደርሱ ጫፉ በእጅ የሚነካ ይመስላል። አይደለም። እዚህ ላይ ቆመው ራስዎን ይመርምሩ። መድከምና መታመም ይለያያሉ። የደከመ ሰው አምስት ደቂቃ ሲያርፍ ትንፋሹ ይመለሳል፤ የታመመ ሰው ቢያርፍም አይሻለውም። ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተረከዝዎን ከጣትዎ እያገጣጠሙ አሥር እርምጃ ይራመዱ። እንደ ሰካራም ከተንገዳገዱ፣ ወይም ሰው ሲያናግርዎ ነገሩ ከተምታታብዎ፣ አንጎል ላይ ውኃ መቋጠር ሊሆን ይችላል። ተቀምጠው እያለ ትንፋሽ ካጠረዎትና ሳል ከጀመረዎት ውኃው ሳንባ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይገድላሉ፤ ለሁለቱም የመጀመሪያው መድኃኒት ወዲያውኑ መውረድ ነው። ትንሽ ልረፍ፣ ትንሽ ልጠብቅ አይባልም፣ ብቻዎንም አይወርዱም። ኦክስጅን ካለ እየወሰዱ ይውረዱ።

ደህና ከሆኑ ይውጡ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ይቀበልዎታል። ቀለማቱ ያሉት ከመመልከቻው ትይዩ ባለው ሸንተረር ላይ ነው፤ በስተጀርባ፣ ጠርቶ ከሆነ፣ 6,384 ሜትር የሚረዝመው አውሳንጋቴ በረዶውን ተከናንቦ ይታያል። ፎቶግራፎቹ ቀለሙን አጋንነውታል፤ እውነተኛው ለስለስ ያለ ነው። የጡብ ቀይ፣ የሰናፍጭ ቢጫ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ አመድማ ነጭ፣ ወይን ጠጅ። ለእኔ መሬት ላይ የተዘረጋ የመቀነት ጥለት መሰለኝ፤ ጥለቱ የሚያምረው ክሩ ሳይጮህ ሲቀር ነውና ቅር አላለኝም።

ቀለሙን የሠራው ማዕድን ነው። ተራራው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በውኃ ሥር ድርብርብ ሆኖ የተነጠፈ ደለል ነበር። ቀዩ ብረት ያለበት ሸክላ ነው፣ እንደ ዛገ ሚስማር። ነጩ የኳርትዝ አሸዋና ኖራ ያለበት አፈር፣ አረንጓዴው ብረትና ማግኒዚየም የያዘ ሸክላና ድንጋይ፣ ቢጫው ሰልፈር ያለበት አሸዋማ ድንጋይ። አንዲስ ከመሬት ሲነሳ ተኝቶ የነበረው ንጣፍ በጎኑ ቆመ፣ ዝናብና በረዶም እየሸረሸሩ ውስጡን ገለጡት። አፈሩ ትንሽ ረጠብ ሲል ቀለሙ ይደምቃል፤ ስለዚህ ከቀላል ካፊያ በኋላ ፀሐይ ከወጣ ዕድለኛ ነዎት። ደመና ከጋረደው ሃያ ደቂቃ ይታገሡ፤ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ይገልጠዋል። ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ግን አይቆዩ። ራስ ምታት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ላይ በደስታ ከቆዩ በኋላ ነው።

ከተከለለው መስመር አይውጡ። አፈሩ ልቅ ነው፤ አንድ ሰው ለፎቶ የረገጠው ቦታ ቀለሙ ይደባለቃል። ይህ ቦታ በጎብኚ የታወቀው በ2010ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ዳክዬዎች ያርፉበት የነበረ ረግረግ ለመኪና ማቆሚያ ተደልድሏል። መግቢያውን የሚሰበስቡት የኬችዋ ማኅበረሰቦች ናቸው፤ ገንዘቡ ልጆቻቸው ከተማ ለሥራ ሳይሰደዱ እንዲኖሩ የሚያስችል ነው። ክፍያውን አይከራከሩ፣ ሰውንም ሳይጠይቁ ፎቶ አያንሡ፣ የውኃ ጠርሙስዎን ይዘው ይመለሱ።

ጉልበትዎ ወይም ዕድሜዎ የማይፈቅድ ከሆነ፣ ወይም ወላጆችዎን ይዘው ከመጡ፣ ፓልኮዮን ይምረጡ። እዚያው አካባቢ ያለ ባለ ቀለም ተራራ ነው፣ 4,900 ሜትር ገደማ። ከፍታው ብዙም አይለይም፣ ግን መንገዱ ሜዳማ ነው፣ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ ሰውም ያንሳል። የመለማመጃ ቀናቱ ግን ለእሱም ያስፈልጋሉ።

መውረዱ

ቁልቁለቱ ለትንፋሽ ምሕረት ነው፣ ለጉልበት ግን ቅጣት። ምርኩዙን ከፊት እየተከሉ፣ ጉልበትዎን ላላ አድርገው፣ በጠጠሩ ላይ ሰያፍ እየሄዱ ይውረዱ። ቀዩን ሸለቆ እንይ የሚል ጥያቄ ከመንገዱ ላይ ይቀርብልዎታል፤ ለብቻው የሚከፈልበት ተጨማሪ መንገድ ነው። ድንቅ ቦታ ነው፤ ግን ራስዎ የሚወቅር ከሆነ ዛሬ አይደለም።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ውኃ ይጠጡ፣ ጋቢዎን ይልበሱ፣ ምሳ ላይ ሾርባ ያስቀድሙ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ኩስኮ ይገባሉ። ያን ማታ ምንም ቀጠሮ አይያዙ፣ በማግስቱም በጠዋት በረራ አይቁረጡ።

ሻንጣዎን ሲያሰናዱ የጃኬትዎን ኪሶች፣ የቦርሳዎን ጎኖች፣ የሱሪዎን ኋላ ኪስ አንድ በአንድ ይፈትሹ። መንገድ ላይ አንዲት ደግ ሴት እፍኝ የኮካ ቅጠል ሰጥታዎት ኪስ ከትተውት ረስተውት ይሆናል። እኔ ከጓንቴ ውስጥ ሦስት ቅጠል አግኝቼ ከሆቴሉ ጓሮ አበባ ሥር አኖርኳቸው፤ ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ።